ሁለት ጊዜ የከሱት ሐኪም

ክብደት ለመቀነስ ሞክረው ከሆነ አንድ ነገር ሳይታዘቡ አልቀሩም። መቀነሱ ቢያስቸግርም ይቻላል። ሁለት ሦስት ወር ጨክነው አምስት ወይም አሥር ኪሎ ያወርዳሉ፤ ሱሪው ይሰፋዎታል፣ ደረጃ መውጣት ይቀልዎታል፣ የሚያውቅዎ ሁሉ ያደንቃል። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዓል ይደርሳል፣ ሠርግ ይጠራሉ፣ የሥራ ጫና ይበዛል፤ ዓመት ሳይሞላ ሚዛኑ ወደነበረበት ይመለሳል፣ እንዲያውም ጥቂት ይጨምርበታል። በዛሬው ዓምዳችን ይኸው ነገር የደረሰባቸውንና መውጫውን ያገኙት ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነውን አንድ ሐኪም ሕይወት እናስነብብዎታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪሙ ዶክተር ጆርጅ ቼይን ይባላሉ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር እጅግ ስማቸው ከገነነ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። የተወለዱት በ1670ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በአበርዲን አካባቢ ነው። ቤተሰባቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አስቧቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሕክምና አዘነበሉና በኤዲንብራ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በልጅነታቸውና በተማሪነታቸው ዘመን ከመጽሐፍ ራስ የማያነሱ፣ በምግብና በመጠጥም ቁጥብ የሆኑ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ ከቤተሰባቸው በአንዱ ወገን የውፍረት ዝንባሌ እንደነበረ ኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። ይህን ልብ ይበሉ፤ አንዳንድ ሰው ከሌላው በቀለለ ሁኔታ የሚወፍረው በስንፍና ብቻ አይደለም፣ ከቤተሰብ የሚወረስም ነገር አለ።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ለንደን ገቡ። በ1702 የታላቁ የሳይንስ ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት የሒሳብ መጽሐፍ አይዛክ ኒውተንን ሳይቀር ቅር እንዳሰኘ ይነገራል፤ ያ ግን የዚህ ዓምድ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን ማታ ማታ የት ይውሉ እንደነበረ ነው።

በዚያ ዘመን በለንደን አንድ አዲስ ሐኪም ታካሚ የሚያገኘው በመጠጥ ቤትና በቡና ቤት ወንበር ላይ ነበር። ከባለጠጋ ልጆች ጋር መተዋወቅ፣ በገበታቸው መቀመጥ፣ መሳቅና ማሳቅ ያስፈልጋል። ቼይን ደግሞ በተፈጥሯቸው ተጫዋች ነበሩ። እነዚያ ወጣቶች ለወዳጅነታቸው የሚጠይቁት ክፍያ ቀላል ነው፤ አብሮ አብዝቶ መብላትና አብሮ አብዝቶ መጠጣት ብቻ። እሳቸውም ይህን ክፍያ ሳይሰስቱ ከፈሉ። ሥጋው በሥጋ፣ ወይኑ በወይን እየተተካ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ከመጠን በላይ ወፈሩ፤ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸው፣ ሥራም ይደክማቸው ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን ገበታ ብናስብ አይከፋም። እኛ ዘንድ ግብዣ ላይ ጠግቤአለሁ የሚል እንግዳ እንደ ኩሩ ይቆጠራል። በሞቴና አፈር ስሆን ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ የሚችለው ማን ነው? ፍቅር ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን የምንበላውን መጠን የሚወስነው ሆዳችን ብቻ ሳይሆን አብሮን የተቀመጠው ሰው ጭምር መሆኑን ማወቅ ያሻል። በዶክተር ቼይን ሕይወት ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣው መውደቅም ሁለት ጊዜ የመጣው መነሣትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የመጀመሪያው መውደቅ በ1705 ገደማ መጣ። በመጀመሪያ ትኩሳት ያዛቸው፤ በሲንኮና ቅርፊት ታክመው ዳኑ። ቀጥሎ ግን ስትሮክ እስኪመስል ድረስ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ከባድ ራስ ምታት፣ ፍርሃትና ጭንቀት ተከተለ። መጠጥ ቤት መሄድ አልቻሉም። ያን ጊዜ ሳይጠብቁት የገጠማቸው ነገር ከሕመሙ ይልቅ አስደነገጣቸው። ለዓመታት አብረዋቸው የበሉና የጠጡ ወዳጆች አንድ በአንድ ተለዩዋቸው። ታመው ሳሉ የጎበኟቸው ጥቂት ነበሩ። ብቻቸውን ወደ ገጠር ወጡ።

በገጠር ሥጋውን እጅግ ቀነሱ፣ መጠጡን ተዉ ማለት ይቻላል። ሰውነታቸው በፍጥነት ሟሸሸ፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቃቸውም። ለአእምሯቸው ዕረፍት መንፈሳዊ መጻሕፍትን አነበቡ፣ ለሰውነታቸው ደግሞ በምዕራብ እንግሊዝ ወደምትገኘው የፍል ውኃ ከተማ ወደ ባዝ ሄዱ። ጥቂት ቀለላቸው። በዚህ መካከል ነው ስለ አንድ ሌላ ሐኪም የሰሙት።

ይህ ሐኪም ዶክተር ቴይለር ይባላሉ፤ የሚኖሩት ከለንደን በስተደቡብ በክሮይደን ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። የታወቁ ሐኪሞችን ሁሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። ከዚያ ምግባቸው በቀለለ ቁጥር ሕመሙም እንደሚቀል አስተዋሉና ቀስ በቀስ ሁሉንም ትተው በወተት ብቻ መኖር ጀመሩ። ዶክተር ቼይን ይህን ሲሰሙ በክረምቱ ብርድ ፈረስ ጭነው ክሮይደን ድረስ ሄዱ። ሲደርሱ ሰውየው ምሳ ላይ ነበሩ፤ ምሳቸውም የላም ወተት ነበር። ቴይለር ታሪካቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወቷቸው። ሕመሙ እንደተዋቸውና በሜዳ ላይ ስድስት ሰዓት ክሪኬት ቢጫወቱ እንደማይደክማቸው ነገሯቸው።

በዛሬው ሕክምና ዓይን ወተት የሚጥል በሽታን ያድናል ማለት አይቻልም፤ የዚህ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በምግብ ተማምኖ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ለቼይን የጠቀማቸው የወተቱ ምሥጢር አልነበረም። እሳቸው ሊሄዱበት የፈሩትን መንገድ ሄዶ የተመለሰ፣ በሕይወት ያለ፣ በዓይን የሚታይ ሰው ማግኘታቸው ነበር። መጽሐፍ ያነበቡ ሐኪም ነበሩ፤ ምን መብላት እንዳለባቸው የሚነግራቸው አላጡም። ያጡት እንደሚቻል የሚያሳያቸው ሰው ነው።

ከክሮይደን ተመልሰው የራሳቸውን ገበታ አዘጋጁ። ወተት፣ ዳቦ፣ እህልና ጥራጥሬ፣ እንደ ድንች ያሉ ዱቄታማ ሥራሥሮችና ፍራፍሬ። በየቀኑ ብዙ ርቀት በፈረስ ይጋልቡ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ውፍረቱ ወረደ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ አእምሯቸው ጠራ። በጋውን በባዝ፣ ክረምቱን በለንደን እያሳለፉ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህ ገበታ ለምን ሠራ? ዛሬ ብዙ ሰው ክብደት ለመቀነስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሸሸው እንጀራን፣ ድንችንና ንፍሮን ነው። ፍርዱ ትክክል አይመስለንም። አንድ ግራም ስታርች ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሆን አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። በዚያ ላይ ድንች፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ያልተፈተገ እህል ሲበስሉ ብዙ ውኃ ይይዛሉ፣ አሰርም አላቸው፤ ሆድን ይሞላሉ፣ ረኀብንም ያቆያሉ። አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች የሚሰጠው ኃይል ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም እንዲሁ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። ድንቹ ያጠግባል፤ ዘይቱ ወጡ ውስጥ ገብቶ አይታይም። በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ ርቀን ሳለን የማንከሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሽሮው ራሱ አይደለም ያወፈረን፤ ሽሮው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት፣ ከጎኑ ያለው ፓስቲና ሳምቡሳ፣ ከዚያም በስኳር የተሞላው ሻይና ለስላሳ መጠጥ ነው። ነጭ የዱቄት ዳቦና ብስኩትም ስታርች ቢሆኑም አሰራቸው ተነሥቷልና ከንፍሮ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዶክተር ቼይን ዳኑ፤ ከዳኑ በኋላ ምን ሆኑ? ሁላችንም የምንሆነውን። ጤና ሲሰማቸው ያ ገበታ ለታመመ ሰው የታዘዘ መድኃኒት እንጂ የዘወትር ምግብ አይደለም ብለው አሰቡ። ጥቂት ሥጋ መለሱ፤ ጥቂት ወይን መለሱ። ወደ ቀድሞው ስካርና ጭፈራ አልተመለሱም፤ በልክ እንደሚኖሩ ያምኑ ነበር። ልካቸው ግን በደኅናው ጊዜ በቀን አንድ ሊትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ወይን ነበር! በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች ከዚህ በላይ ስለሚጠጡ የእሳቸው መጠን ለእሳቸው ትንሽ ሆኖ ይታያቸዋል። በዚህ አኳኋን ዓመታት አለፉ። አንድም ቀን ከልክ አለፍኩ ሳይሉ ኪሎው በየዓመቱ ተጨመረ።

በ1720ዎቹ መጀመሪያ ክብደታቸው ከ200 ኪሎ ግራም አለፈ። ኑሯቸውን ባደረጉባት በባዝ ከተማ ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄዱት በሠረገላ ነው። መቶ እርምጃ ያህል በእግር መሄድ ግድ ሲሆንባቸው በርጩማ የያዘ አሽከር ከኋላ ይከተላቸዋል፤ ጥቂት ተራምደው ይቀመጣሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ ይነሣሉ። አንድ ፎቅ ደረጃ ሲወጡ ፊታቸው ይጠቁራል። እግሮቻቸው ቆሰሉ፤ ቁስሉም አልድን አለ። የሚገርመው በዚያው ሰሞን፣ በ1724፣ ስለ ጤናና ስለ ረጅም ዕድሜ የጻፉት መጽሐፍ ታትሞ በመላ እንግሊዝ መነበቡ ነው። በልክ መብላትን፣ በቂ እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተምር ጥሩ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ግን ከወንበራቸው ለመነሣት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

በዚህ ልንስቅባቸው አይገባም። የሚያውቁትን አለማድረግ የሐኪምም የታካሚም ዕጣ ነው። እኛ የጤና ዓምድ የምንጽፈውም ከዚህ ነፃ አይደለንም።

በ1725 መጨረሻ ሁሉም ነገር ሲጨልምባቸው ወደ ለንደን ሄደው የሙያ ወዳጆቻቸውን አማከሩ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ወደ ወተቱና ወደ እህሉ ልመለስ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እነሱም ተስማሙ። ተመለሱም። የዚህኛው ጊዜ ጉዞ ከመጀመሪያው የረዘመና የከበደ ነበር። ሰውነታቸው ሸምግሏል፣ ጭንቀቱም እየመጣ ይሄዳል። ቢሆንም ከሁለት ዓመት በላይ ታግሰው ቀስ በቀስ ወረዱ፤ ቁስሉ ዳነ፣ መራመድ ቻሉ፣ ሥራቸውንም ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ከዚህ ገበታ አልወጡም። ወተት፣ ሻይና ቡና፣ ዳቦ በቅቤ፣ ለስላሳ አይብ፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ድንች፣ ካሮትና የመሳሰለው ሥራሥር የዘወትር ምግባቸው ሆነ። ሥጋና ዓሣ የለም፤ ወይንም ሌላም የሚያሰክር መጠጥ የለም።

ለምን በመጀመሪያው ጊዜ ያልጸናው በሁለተኛው ጸና? ምግቡ ያው ነው። ሰውየውም ያው ናቸው። በእኛ አስተያየት የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ሰው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ታሪካቸውን ለብቻቸው ይዘው፣ እንደዳኑ ወደ ድሮው ማዕድ ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ታሪካቸውን አደባባይ አወጡት። በ1733 ስለ ነርቭና ስለ መንፈስ ሕመም ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የራሳቸውን ሕመም፣ ውፍረታቸውን፣ ወዳጆቻቸው እንዴት እንደከዷቸው፣ በርጩማውንና አሽከሩን ጭምር ሳይደብቁ ዘርዝረው ጻፉ። ከዚያ በኋላ አገር ያወቃቸው እንዲህ ሆኖ ነው። ባዝ የዕረፍት ከተማ ናትና ከየአቅጣጫው ሪህ የያዘው፣ የወፈረ፣ የጨነቀው ሁሉ ይመጣባቸዋል። ለእነዚያ ሰዎች እህልና ወተት ያዘዘ ሐኪም ማታ ሥጋ ቆርጦ ወይን ቢያስቀዳ ከተማው በማግሥቱ ያወራዋል።

የሚቀልዱባቸውም ነበሩ። የባዝን ግብዣና ጭፈራ የሚመሩት ዝነኛው ቦ ናሽ፣ ዶክተር ቼይን ግማሹን ዓለም እንደ ናቡከደነፆር ሣር ለማስጋጥ አስበዋል እያሉ ያፌዙባቸው እንደነበር ተጽፏል። ቼይንም ዝም አላሉም፤ ናሽ በእምነት ከናቡከደነፆር የባሱ መሆናቸውን በዚያው ቋንቋ መለሱላቸው። ቀልዱ የተወሰደበት የትንቢተ ዳንኤል መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፉ ከንጉሡ ማዕድ ርቀው ጥራጥሬ በልተውና ውኃ ጠጥተው ፊታቸው ያማረውን ወጣቶች ታሪክ እንደሚናገር አንባቢ አይዘነጋም። ዳንኤል ያን የበላው ብቻውን እንዳልነበረም እንዲሁ፤ ሠለስቱ ደቂቅ አብረውት ነበሩ።

ሌሎች ግን ሰሟቸው። የሜቶዲስት እምነት መሥራች የሆኑት ጆን ዌስሊ ገና በኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉ በ1724 የወጣውን መጽሐፍ አንብበው ምግባቸውን አቀለሉ። የሐንቲንግደኗ እመቤት ሰሊና ምክራቸውን በደብዳቤ ይቀበሉ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ከሳሙኤል ሪቻርድሰን ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ነው።

ሪቻርድሰን በለንደን የማተሚያ ቤት ባለቤት ናቸው። የዶክተሩን መጻሕፍት ያትሙ ነበር፤ ትውውቃቸው የጀመረውም በዚሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ፣ ወፈር ያሉ፣ ራስ ማዞርና የነርቭ መረበሽ የሚያስቸግራቸው ሰው ነበሩ። ዶክተር ቼይን ከ1733 አንሥቶ ለአሥር ዓመት ያህል ደብዳቤ ጻፉላቸው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ሐኪሙ እንደ አለቃ አያዙም። የራሳቸውን ታሪክ እየመዘዙ፣ እሳቸው ከዚህ በከፋ ሁኔታ ውስጥ እንደነበሩና እንደወጡ እያስታወሱ ያበረታታሉ። ሪቻርድሰን ሲያመነቱ ይቆጣሉ፤ ቆይተው ደግሞ ያባብላሉ። ለውጡ ቀስ በቀስ እንዲሆን፣ በወራት ሳይሆን በዓመታት እንዲለካ ይመክራሉ።

ሪቻርድሰን ከማተሚያ ቤታቸው ወጥተው ፈረስ ለመጋለብ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ዶክተሩ አንድ ወንበር አመጡላቸው በሐሳብ። የቤት ፈረስ ይባላል፤ መቀመጫው በሞላ የሚነጥር፣ ሰው ተቀምጦበት ሽቅብ ቁልቁል እያለ ግልቢያን የሚያስመስል ዕቃ ነው። የዛሬው የቤት ውስጥ ብስክሌት ቅድመ አያት ቢባል አያስኬድም አይባልም። ሪቻርድሰን በ1740 ፓሜላ የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመው በአንድ ጊዜ ዝነኛ ሲሆኑ ዶክተሩ ስለ ሆዳቸው ብቻ ሳይሆን ስለ መጽሐፋቸውም አስተያየት ይጽፉላቸው ነበር፤ የፍቅሩ ትዕይንት በዝቷል ብለው እስከመገሠጽ ደርሰዋል። ሪቻርድሰን ምክሩን ሁሉ አልፈጸሙም። ነገር ግን ደብዳቤው አልተቋረጠም። በእኛ ግምት እነዚያን ደብዳቤዎች መጻፍ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ይጠብቅ ነበር፤ ለሰው በየጊዜው የሚመክሩትን ነገር ራስ መተው ከባድ ነውና።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ የአንድ ሰው ታሪክ ደግሞ በሕክምና ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የዘመናችንን ጥናት ጥቂት እንመልከት። በኒውዚላንድ ጊዝቦርን ከተማ የተካሄደና በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 65 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ከዚያም ላይ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነበረባቸው። አንዱ ወገን የተለመደውን ሕክምና ቀጠለ። ሌላው ወገን ከሕክምናው ጋር ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ሥራሥር፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ፣ ከሥጋ፣ ከወተት ተዋጽኦና ከተጨመረ ዘይት እንዲርቅ ተመከረ። መጠን አልተወሰነበትም፤ እስኪጠግብ ይበላል። ለ12 ሳምንታትም በሳምንት ሁለት ጊዜ አብረው እየተሰበሰቡ ምግብ ማብሰል ይማሩና ይወያዩ ነበር። ይህ ወገን በስድስት ወር በአማካይ 12 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በዓመቱ ሲመዘን ደግሞ ቅናሹ 11.5 ኪሎ ነበር። የቀነሱት ኪሎ በዓመቱ መጨረሻ አለመመለሱ ነው ትልቁ ነገር። ከምግቡና ከስብሰባው የትኛው ይበልጥ እንደሠራ ጥናቱ ለይቶ አይናገርም፤ ሁለቱ አብረው ተሰጥተዋልና።

በአሜሪካ ደግሞ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ ከ1994 ጀምሮ አለ። ሰዎቹ የቀነሱበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ሁሉም እህል በሎች አይደሉም። አብዛኞቹን የሚያመሳስሏቸው ግን ቁርስ አለመዝለል፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መመዘንና በቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ እንቅስቃሴ ናቸው። ይህም ማለት ክብደቱ ከወረደ በኋላም ሥራው አላለቀም።

እርስዎስ ከየት ይጀምራሉ? ገበያ ሄደው የሚገዙት አዲስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ጎመን ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው። የሚለወጠው አሠራሩ ነው። ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ ማቁላላት ይቻላል፤ ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ገንፎው ላይ በቅቤ ፈንታ ተልባ ወይም እርጎ ቢደረግ ምን ይለዋል? ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎ ጥሩ ነው፤ ሱፍና ኦቾሎኒ ሲበዛበት ግን ቅባቱም እንደሚበዛ አይርሱ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ማግኘቱ ነው። ሠላሳ ሰው አያስፈልግዎትም። ቼይንን ከመጀመሪያው ሕመም ያነሣቸው አንድ ሰው ነው፤ ሪቻርድሰንንም የያዛቸው አንድ ሰው ነው። ቡና አብረው ከሚጠጡ ጎረቤቶች አንዷ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ የዕቁብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ዕቁብ በሚጣልበት ቀን ገንዘቡን ከመቁጠር ጋር ሚዛን ላይ መውጣትም ይቻላል፤ ሚዛኑን አንዱ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የጨመረ ሰው የሚያፍርበት ስብሰባ ዕድሜ የለውም፤ የጨመረው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል፣ መቅረት የማይገባው ደግሞ እሱ ነው። ቤት ውስጥም ምግብ የሚያበስለው ሰው ያልተስማማበት ዕቅድ አይዘልቅም። ባል ብቻውን ሊቀንስ ተነሥቶ ሚስት ሁለት ዓይነት ወጥ እንድትሠራ ማድረግ ፍትሕም አይደለም።

ከዶክተር ቼይን የማይወሰዱም ነገሮች አሉ። እንደ ዘመናቸው ሐኪሞች ሁሉ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ሜርኩሪም ጭምር ያዝዙ ነበር፤ ሜርኩሪ መርዝ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ለማክሳት እየተባሉ የሚሸጡ የሚያስቀምጡ ሻዮችም ከዚያ ብዙም አይርቁም፤ የሚያስወጡት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ ለመተው ያሰበ ሰው ቫይታሚን ቢ12 የተባለውን ከአትክልት አያገኝምና ስለ ተጨማሪው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከላይ በጠቀስነው የኒውዚላንድ ጥናትም ይህ ቫይታሚን ተሰጥቷል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግብዎን ከመለወጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ክብደት ሲወርድ የቀድሞው የመድኃኒት መጠን ሊበዛብዎት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ስኳርዎ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ሕመም ያለበትም ሰው እንዲሁ።

ዶክተር ቼይን በመጨረሻዎቹ ዓመታት መጻፍ አላቆሙም። በ1740 እና በ1742 ስለ አመጋገብና ስለ ተፈጥሯዊ ሕክምና ሁለት መጻሕፍት አወጡ። በሚያዝያ 1743 ሰባ ዓመት አልፏቸው በባዝ አረፉ፤ የተቀበሩትም ከከተማው አጠገብ በዌስተን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሪቻርድሰን ከእሳቸው በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ ትልቁን ልብ ወለዳቸውን ክላሪሳን የጻፉትም በዚያ ጊዜ ነው። ሐኪሙ የላኩላቸው ደብዳቤዎች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል።